ጉዞ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ

ሜክሲኮ ሲቲ (በእስፓንኛ፦ ሲዩዳድ ዴ ሜሂኮ) የሜክሲኮ ዋና ከተማና ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ትልቋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በከተማዋ ክልል ውስጥ 9.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ሲደመር ቁጥሩ ወደ 22 ሚሊዮን ይጠጋል። ከተማዋ የምትገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነው። አብዛኛው ማዕከላዊ ክፍሏ ቀድሞ ሐይቅ በነበረ መሬት ላይ ተሠርቷል።

ከፍታውና የደረቀው ሐይቅ የጎብኚውን ጉዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይነኩታል። አውሮፕላኑ ምን ያህል ጭነት ይዞ መነሣት እንደሚችል፣ አየር ማረፊያዎቹ ለምን በሁለት ቦታ እንደተከፈሉ፣ የቧንቧ ውኃ ለምን እንደማይጠጣ፣ የጥንት ሕንፃዎች ለምን እንደተንጋደዱ፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲሰማ ለምን በፍጥነት መንቀሳቀስ እንደሚያስፈልግ የሚያስረዱት እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው።

አቀማመጥና ታሪክ

የአዝቴኮች (ራሳቸውን ሜሺካ ይሉ ነበር) ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን በቴስኮኮ ሐይቅ ውስጥ በነበረች ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1325 እንደተቆረቆረች ይነገራል። በአፈ ታሪኩ መሠረት አምላካቸው ንስር በቁልቋል ላይ ተቀምጦ በሚያዩበት ቦታ እንዲሰፍሩ አዟቸው ነበር። ይህ ምስል ዛሬ በሜክሲኮ ሰንደቅ ዓላማ መካከል ይገኛል። ቁልቋሉ በትግራይና በኤርትራ በለስ ተብሎ ከሚበላው ተክል ጋር አንድ ወገን ሲሆን፣ የበለስም የትውልድ አገር ሜክሲኮ ነው።

በኤርናን ኮርቴስ የተመሩት እስፓንያውያንና ከአዝቴኮች ጋር የተጣሉ የአገሩ ተወላጅ ሕዝቦች ከተማዋን ከበው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 1521 ያዟት። ድል አድራጊዎቹ ቤተ መቅደሶቹን አፍርሰው በዚያው ቦታ አዲስ ከተማ ሠሩ። ሐይቁ ግን በየጊዜው እየሞላ አስቸገራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1629 የደረሰው ጎርፍ ከተማዋን ለዓመታት በውኃ ውስጥ አቆያት። ከዚያ በኋላ ለዘመናት ውኃውን ከሸለቆው የሚያስወጡ ቦዮች ተቆፈሩ፤ በፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያስ ዘመን የተሠራው ታላቁ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1900 ተመረቀ። በመጨረሻ ሐይቁ ጥቂት ቅሪት ብቻ ትቶ ደረቀ።

ሐይቁ ቢደርቅም ሥሩ የነበረው ለስላሳ ሸክላ አፈር አሁንም ውኃ የቋጠረ ነው። ከተማዋ ከምትጠቀምበት ውኃ ብዙውን የምታገኘው ከከርሰ ምድር ነው። ውኃው በጉድጓድ ሲወጣ አፈሩ ይጨመቃል፣ ከላዩ ያለውም ከተማ ይሰምጣል። መሐል ከተማው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል፤ በአንዳንድ ሰፈሮች ዛሬም መሬቱ በዓመት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ጎብኚ ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1910 በሬፎርማ ጎዳና ላይ የቆመው የነጻነት ሐውልት መሠረቱ ጥልቅ ስለሆነ ከአካባቢው ጋር አልሰመጠም፤ መንገዱ ግን እየወረደ ስለሄደ ወደ ሐውልቱ የሚያደርሱ 14 ተጨማሪ ደረጃዎች ተሠርተውለታል።

ከፍታው በበረራ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ከፍ ባለ ቦታ አየር ይሳሳል። በሜክሲኮ ሲቲ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ምክንያት የአውሮፕላኑ ክንፍ የሚያገኘው የማንሻ ኃይልና ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳሉ። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት የበለጠ ፍጥነትና የበለጠ ርዝመት ያለው ማኮብኮቢያ ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ በጣም ሩቅ ለሆነ በረራ የሚበቃ ነዳጅ፣ መንገደኛና ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሣት የማይችልበት ጊዜ አለ። ቀኑ ሞቃት ሲሆን ችግሩ ይብሳል።

ይህ ለኢትዮጵያ መንገደኞች እንግዳ ነገር አይደለም። ቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ወደ 2,330 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ከሜክሲኮ ሲቲ አየር ማረፊያ በጥቂቱ ይበልጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲበር በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት የሚያርፈው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው በዚሁ ከፍታና በነፋሱ አቅጣጫ ምክንያት ነው።

በሜክሲኮ ሲቲም ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። የቱርክ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኢስታንቡል ወደ ሜክሲኮ ሲቲ በረራ ሲጀምር ሲሄድ በቀጥታ፣ ሲመለስ ግን በባሕር ዳርቻዋ በካንኩን በኩል እንዲሆን አደረገ። አውሮፕላኑ ከሜክሲኮ ሲቲ በቀላል ክብደት ተነሥቶ፣ ለረጅሙ መንገድ የሚያስፈልገውን ነዳጅ በባሕር ጠለል ደረጃ ከምትገኘው ካንኩን ይሞላል። ስለዚህ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ትኬት የሚገዛ ሰው የመሄጃውንና የመመለሻውን የጉዞ ሰዓት ለየብቻ ማየት አለበት፤ በሁለቱ መካከል የብዙ ሰዓት ልዩነት ሊኖር ይችላል።

አየር ማረፊያዎች

ከተማዋን በዋናነት የሚያገለግለው ቤኒቶ ሁዋሬስ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ከመሐል ከተማው በስተ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፣ በቤቶች ተከቦ ይገኛል። ስሙን ያገኘው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አገሪቱን ከመሩትና ከሳፖቴክ ሕዝብ ከተወለዱት ፕሬዚዳንት ነው። ሁለት ተርሚናሎች አሉት። ሁለት ማኮብኮቢያዎችም አሉት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 300 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ግን አውሮፕላኖች በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ማረፍ አይችሉም። አየር ማረፊያው የሚጨናነቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በሰዓት የሚፈቀደው የበረራ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከ52 ወደ 43 እንዲቀንስ ተደርጓል።

መጨናነቁን ለማቃለል በቀድሞው ቴስኮኮ ሐይቅ መሬት ላይ ትልቅ አዲስ አየር ማረፊያ መሥራት እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሮ ነበር። ንድፉን ያወጡት እንግሊዛዊው ኖርማን ፎስተርና ሜክሲኳዊው ፌርናንዶ ሮሜሮ ናቸው። ተቃዋሚዎች መሬቱ ለስላሳና የሚሰምጥ እንደሆነ፣ ወጪውም ከመጠን በላይ እንደሆነ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ሕዝብ ድምፅ ከሰጠበት በኋላ በዚያው ዓመት ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት አንድሬስ ማኑዌል ሎፔስ ኦብራዶር ሥራው እንዲቆም አደረጉ። ቦታው በኋላ የተፈጥሮ መናፈሻ ሆነ፤ ከሐይቁ ከፊሉም እንዲመለስ ተደርጓል።

በምትኩ በሳንታ ሉሲያ የአየር ኃይል ሰፈር ፌሊፔ አንሄሌስ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 2022 ሥራ ጀመረ። ከመሐል ከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ብዙ የአገር ውስጥና አንዳንድ የውጭ በረራዎች ከዚያ ይነሣሉ፤ የጭነት አውሮፕላኖችም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወደዚያ ተዛውረዋል። በስተ ምዕራብ ያለው የቶሉካ አየር ማረፊያ ሦስተኛ አማራጭ ሲሆን ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው።

መንገደኛው ትኬቱ ላይ ያለውን የአየር ማረፊያ መለያ ማየት ይኖርበታል፦ ቤኒቶ ሁዋሬስ «ኤም-ኢ-ኤክስ»፣ ፌሊፔ አንሄሌስ «ኤን-ኤል-ዩ» ነው። ከውጭ በአንዱ አርፎ በሌላው ወደ አገር ውስጥ የሚቀጥል ሰው ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ጨርሶ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ የተጨናነቀ ከተማ ማቋረጥ ስላለበት በመካከል ብዙ ሰዓት መተው ያስፈልገዋል።

ፖፖካቴፔትል የተባለው 5,426 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። አመድ ሲተፋ በረራዎች ሊቋረጡ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ሁለቱም አየር ማረፊያዎች በአመዱ ምክንያት ለሰዓታት ሥራ አቁመው ነበር።

የበረራ መስመርና ቪዛ

ከአዲስ አበባ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ፣ በኢስታንቡል ወይም በሰሜን አሜሪካ በኩል ያልፋል። ከማድሪድ ወይም ከፓሪስ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ በረራው ከ11 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሚነሡ ደግሞ ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከዱባይ በባርሴሎና በኩል መስመር ከፍቷል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ ኤምባሲ አለ። ሆኖም የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጃፓን፣ የእንግሊዝ ወይም የሼንገን አገሮች ጊዜው ያላለፈበት ቪዛ ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለጉብኝት ሲሄድ የሜክሲኮ ቪዛ አይጠየቅም። ስለዚህ በአሜሪካ ግሪን ካርድ ይዘው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፓስፖርታቸው ገና ኢትዮጵያዊ ቢሆንም ያለ ተጨማሪ ቪዛ መግባት ይችላሉ። የአሜሪካና የእስራኤል ዜጎችም ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋቸውም።

ብዙዎችን የሚያደናቅፈው ከሜክሲኮ ቪዛ ይልቅ የትራንዚት ቪዛ ነው። አሜሪካ ለትራንዚት መንገደኛ የተለየ መተላለፊያ የላትም፤ በአሜሪካ በኩል ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው በኢሚግሬሽን አልፎ አገሩ ይገባል፣ ሻንጣውንም ተረክቦ እንደገና ያስረክባል። ስለዚህ የአሜሪካ ቪዛ የሌለው ኢትዮጵያዊ በዚያ በኩል ማለፍ አይችልም። በሼንገን አገሮችም የኢትዮጵያ ዜጎች ከአየር ማረፊያው ባይወጡ እንኳ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት መካከል ናቸው፤ ከዚህ ነጻ የሚሆኑት እንደ ሼንገን፣ አሜሪካ ወይም ካናዳ ያሉ አገሮች ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። የሜክሲኮ ቪዛ በእጁ ያለ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ከመነሻው ሊመለስ ስለሚችል፣ ትኬት ከመግዛት በፊት የሚያልፉበትን አገር ደንብ ማጣራት ይገባል።

በመግቢያው ላይ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው የሚፈቀደውን የቆይታ ቀን ይወስናል። ለጎብኚ ከፍተኛው 180 ቀን ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው ይህን ያህል አይሰጠውም። መንገደኛው ከመስኮቱ ሳይርቅ የተጻፈለትን ቀን ማየት አለበት። የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ቦታ አድራሻ ሊጠየቅ ይችላል።

የጉዞ ወቅት፣ ሰዓትና መብራት

የሜክሲኮ ሲቲ አየር ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል፦ ቀን ለብ ያለ፣ ማታ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሲሆን በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ማታ ይጥላል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደረቅ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብዙ ቤቶችና ሆቴሎች ማሞቂያ ስለሌላቸው ወፍራም ልብስ መያዝ ይጠቅማል። ሙቀቱ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በእነዚህ ወራት ተራሮቹ የመኪና ጭስን አፍነው ስለሚይዙት የአየሩ ብክለት ይጨምራል፤ አስም ያለበት ሰው ሌላ ወቅት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ሰዓትን በየወቅቱ መቀየር ስላቆመች በአዲስ አበባና በሜክሲኮ ሲቲ መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ 9 ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በሜክሲኮ ሲቲ እኩለ ሌሊት ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 127 ቮልት ሲሆን ሶኬቱ የአሜሪካው ዓይነት ባለ ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ባለ ክብ ጥርስ ስፒና አይገባበትም፤ የስልክ ቻርጀር በመቀየሪያ ሲሰካ ይሠራል፣ ለ220 ቮልት ብቻ የተሠራ ካውያ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ግን በደንብ አይሠራም።

በከተማዋ ውስጥ መዘዋወር

ከቤኒቶ ሁዋሬስ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ በታክሲ፣ በሜትሮባስ ወይም በምድር ውስጥ ባቡር መሄድ ይቻላል። ፈቃድ ያላቸው ታክሲዎች ዋጋ በተርሚናሉ ውስጥ ባሉት መስኮቶች አስቀድሞ ይከፈላል። በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ መኪናም የተለመደ ነው። በመንገድ ላይ የሚያልፍ ታክሲ አስቁሞ መሳፈር ግን፣ በተለይ ማታ፣ አይመከርም። ሜትሮባስ የራሱ መንገድ ያለው የአውቶቡስ አገልግሎት ሲሆን አራተኛው መስመሩ ከሁለቱም ተርሚናሎች ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል። ከፌሊፔ አንሄሌስ ወደ ከተማ የሚደረገው ጉዞ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

የምድር ውስጥ ባቡሩ (ሜትሮ) እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 1969 ሥራ ጀመረ። ዛሬ 12 መስመሮችና 195 ጣቢያዎች አሉት። የአንድ ጉዞ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ 5 ፔሶ ሆኗል፤ በዚህ ዋጋ መስመር እየቀየሩ ከከተማዋ ጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ ይቻላል። እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ሌላ የራሱ ሥዕል አለው፤ ይህም ማንበብ የማይችል ሰው፣ እስፓንኛ የማያውቅ እንግዳም ጣቢያውን እንዲለይ ያስችላል። አየር ማረፊያው አጠገብ ያለው የቴርሚናል አኤሬያ ጣቢያ ምልክት አውሮፕላን ነው። ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ባቡሩ እጅግ ስለሚጨናነቅ ትልቅ ሻንጣ ይዞ መግባት ያስቸግራል፤ ኪስ አውላቂዎችም አሉ። የፊተኞቹ ፉርጎዎች ለሴቶችና ለሕፃናት ይለያሉ።

የሚጎበኙ ቦታዎች

ሶካሎ የሚባለው ዋና አደባባይ የከተማዋ እምብርት ነው። በዙሪያው ቤተ መንግሥቱና ከ1573 እስከ 1813 እ.ኤ.አ. የተሠራው ካቴድራል ይገኛሉ። ካቴድራሉ መሬቱ እኩል ባለመስመጡ ተንጋዶ ስለነበር መሠረቱን ለማስተካከል ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። ከጎኑ የአዝቴኮች ታላቁ ቤተ መቅደስ ቴምፕሎ ማዮር ፍርስራሽ አለ። የቤተ መቅደሱ ቁፋሮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1978 የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መሬት ሲቆፍሩ የጨረቃ እንስት አምላክ የኮዮልሻውኪ ምስል የተቀረጸበት ትልቅ ክብ ድንጋይ ካገኙ በኋላ ነው።

የሥነ ጥበባት ቤተ መንግሥት (ፓላሲዮ ዴ ቤያስ አርቴስ) በነጭ እብነ በረድ የተሠራ ሲሆን፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1904 ተጀምሮ በ1934 ተፈጸመ። ክብደቱ ለስላሳውን መሬት ስለተጫነው ገና ሳያልቅ መስመጥ ጀምሮ ነበር። በውስጡ የዲዬጎ ሪቬራና የሌሎች ሠዓሊዎች የግድግዳ ሥዕሎች አሉ።

በቻፑልቴፔክ መናፈሻ የሚገኘው ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1964 ተከፈተ፤ ንድፉ የፔድሮ ራሚሬስ ባስኬስ ነው። በውስጡ 24 ቶን ያህል የሚመዝነውና የፀሐይ ድንጋይ የሚባለው የአዝቴኮች ቅርጽ ይገኛል። ለሙዚየሙ ቢያንስ ግማሽ ቀን መመደብ ይገባል። በኮዮአካን ሰፈር የሠዓሊዋ ፍሪዳ ካሎ መኖሪያ የነበረው ሰማያዊ ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ከቀናት በፊት በኢንተርኔት መግዛት የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፤ የጉብኝት ዕቅድ ሲወጣ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

በደቡብ የምትገኘው ሶቺሚልኮ ከሐይቆቹ የቀረውን ውኃ የምታሳይ ናት። ገበሬዎች በጭቃና በዕፅዋት ሠርተው በውኃው መካከል ያለሟቸው ቺናምፓ የሚባሉ መደቦች እስካሁን አትክልትና አበባ ያበቅላሉ። ጎብኚዎች በቀለም ባጌጡ ጀልባዎች በቦዮቹ ላይ ይዘዋወራሉ። ሶቺሚልኮና የከተማዋ ታሪካዊ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቴኦቲዋካን ከአዝቴኮች በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረች ከተማ ነበረች። የፀሐይ ፒራሚዷ 65 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ጥላ ስለሌለና በከፍታው ምክንያት ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ጎብኚዎች በጠዋት ባርኔጣና ውኃ ይዘው ይሄዳሉ። የጓዳሉፔ ማርያም ባዚሊካም በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ምእመናን ከሚሄዱባቸው የካቶሊክ ቦታዎች አንዱ ነው። ዓመታዊው በዓል እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን ሲውል በዚያ ሰሞን መንገዶቹ በተሳላሚዎች ይሞላሉ።

ምግብና ውኃ

የአገሩ ዋና ምግብ ቶርቲያ የሚባለው የበቆሎ ቂጣ ነው። በላዩ ሥጋ፣ ቦሎቄ፣ አቮካዶ ወይም አትክልት ተደርጎ ሲጠቀለል ታኮ ይባላል። ታኮ አል ፓስቶር የተባለው ዓይነት ሥጋው በቋሚ ብረት ላይ እየዞረ የሚጠበስ ሲሆን፣ አሠራሩ ከሊባኖስ በመጡ ስደተኞች ሻዋርማ የተወለደ ነው። ለበርበሬና ለቃሪያ ለለመደ ኢትዮጵያዊ ምግቡ አይከብድም፤ በቆሎም ቃሪያም መጀመሪያ የተገኙት ከዚሁ የዓለም ክፍል ነው። ጾመኛ ሰው ቦሎቄ፣ ሩዝና ኖፓል የሚባለውን የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ የቁልቋል ቅጠል በቀላሉ ያገኛል፤ ቦሎቄው በአሳማ ስብ እንዳልተሠራ ግን መጠየቅ አለበት። በምግብ ቤት ከ10 እስከ 15 በመቶ ጉርሻ መተው ልማድ ነው።

የቧንቧ ውኃ አይጠጣም። መሬቱ ሲሰምጥ የውኃ መሥመሮቹ ይሰነጠቃሉ፤ ብዙው ውኃ በመንገድ ላይ ይፈስሳል፣ ቆሻሻም ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ የከተማዋ ነዋሪዎች ራሳቸው የሚጠጡት በትልልቅ ጀሪካን የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ ነው። ቀድሞ በጎርፍ ትጠፋ የነበረችው ከተማ ዛሬ ከሚያስፈልጋት ውኃ ከፊሉን ኩትሳማላ ከሚባለው የግድቦች ሰንሰለት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ በፓምፕ እየገፋች ታስመጣለች። በደረቁ ወራት በአንዳንድ ሰፈሮች ውኃ ይቋረጣል።

ጤንነትና የመሬት መንቀጥቀጥ

ከባሕር ጠለል አጠገብ የሚመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ሊሰማው ይችላል። ቀስ ብሎ መራመድ፣ ውኃ መጠጣትና አልኮል መቀነስ ይረዳል። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከፍታውን የለመደው ስለሆነ ብዙም አይሰማውም። በዱባይ፣ በቴል አቪቭ ወይም በዋሽንግተን ለዓመታት የኖረ ኢትዮጵያዊ ግን ይህን ልማድ ስለሚያጣ እንደ ማንኛውም እንግዳ መጠንቀቅ አለበት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክራል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 በፓስፊክ ዳርቻ በሬክተር መለኪያ 8 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቦታው ከሜክሲኮ ሲቲ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅም የሐይቁ ለስላሳ አፈር ንዝረቱን አጉልቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕንፃዎችን ጣለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሞቱ። በዚያው ዕለት እ.ኤ.አ. በ2017 በደረሰው 7.1 የሆነ መንቀጥቀጥ ደግሞ በከተማዋ ከ220 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ከ1985 ጥፋት በኋላ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ። በዳርቻው ያሉት መሣሪያዎች መንቀጥቀጡን ሲያውቁ በሬዲዮ ያስተላልፋሉ፤ የሬዲዮ ሞገድ ከመሬቱ ሞገድ ስለሚፈጥን በየመንገዱ ምሰሶ ላይ ያሉት ድምፅ ማጉያዎች ንዝረቱ ከመድረሱ በፊት ይጮኻሉ። መንቀጥቀጡ ከዳርቻው ከተነሣ ሰዎች እስከ አንድ ደቂቃ የሚደርስ ጊዜ ያገኛሉ፤ ከቅርብ ከተነሣ ግን እንደ 2017ቱ ጊዜው እጅግ ያጥራል። ጎብኚው በሆቴሉ መውጫውንና በምልክት የተለየውን መሰብሰቢያ ቦታ በመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት። በታችኛው ፎቅ ያለ ሰው ወዲያው ይወጣል፤ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ያለ ከመስኮት ርቆ ከምሰሶ አጠገብ ይቆያል፤ በአሳንሰር አይጠቀምም። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን ልምምድ ስለሚደረግ በዚያ ቀን የሚሰማው ድምፅ እንግዳን ሊያስደነግጥ ይችላል። ሆኖም በ2017 መንቀጥቀጡ የደረሰው ልምምዱ በተደረገበት ዕለት፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለነበር ነዋሪዎቹ ድምፁን ሁልጊዜ እንደ እውነተኛ ይቆጥሩታል።

የኢትዮጵያ ስም በሜክሲኮ ሲቲ

እ.ኤ.አ. በ1968 የኦሊምፒክ ጨዋታዎች በሜክሲኮ ሲቲ ሲደረጉ ከፍታው ትልቅ መነጋገሪያ ነበር። በሳሳው አየር የአጭር ርቀት ሯጮችና ዘላዮች ክብረ ወሰን ሲሰብሩ፣ ከቆላ አገሮች የመጡ የረጅም ርቀት ሯጮች ተቸገሩ። ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1968) ከሶካሎ አደባባይ በተነሣው ማራቶን አበበ ቢቂላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ሩጫውን አቋረጠ፤ ማሞ ግን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ቀዳሚ ሆኖ በዩኒቨርሲቲው የኦሊምፒክ ስታዲየም ገባ። ሁለተኛ ከወጣው ጃፓናዊ ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ነበር። በዚህ ድል ኢትዮጵያ ማራቶንን በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች። ስታዲየሙ ዛሬም በብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይገኛል፤ ግቢውም እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ከዚያም ይቀድማል። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ የሚመራው የሜክሲኮ መንግሥት ወረራውን ሕጋዊ አድርገው ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዱ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ሜክሲኮን ጎበኙ። ይህን ወዳጅነት ለማስታወስ በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ሲቲም የኢትዮጵያ አደባባይ ተሰየሙ።

የምድር ውስጥ ባቡሩ ሦስተኛ መስመር እ.ኤ.አ. በ1980 በዚያ በኩል ሲያልፍ የተከፈተው ጣቢያ «ኤቲኦፒያ» ተባለ፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ጣቢያው ሴንትሮ ሜዲኮና ኤውሄኒያ በሚባሉት ጣቢያዎች መካከል ይገኛል፤ ከሶካሎ አካባቢ በባቡር ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በአዲስ አበባም ቀላል ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሜክሲኮ አደባባይ «ሜክሲኮ» የሚባል ጣቢያ አለ። በዚህም እያንዳንዷ ከተማ በሌላዋ አገር ስም የሚጠራ የባቡር ጣቢያ አላት።